ስም ያልወጣላት

ነገ ዶዘር ሊገባ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ከእርሻው ድንበር፣
ቦንቱና እኔ ማምሻውን ዘገንን ሁለት ጣሳ አፈር።
ጥቁር፣ ጫማ የሚያወልቅ ጭቃ፤
ጤፉ ታጭዷል፣ ነገ ፌሮ ይበቅልበታል በቃ።

ማታ፣ ቤተ ሙከራ፣ ወንፊት ላይ አፈሩን በትነን፣
ከላይ አምፖል አበራን፣ ከሥር አልኮል ደቅነን።
ሙቀቱን ሲሸሹ ይወርዳሉ፤
ሞቱ ጨለማ መስሏቸው፣ አንድ ባንድ ይጠልቃሉ።

መቶ እግር (ቆጠርኩለት፣ ሠላሳ ነው)፣
ምስጥ፣ ቅንቡርስ፣ ሸረሪት፤ ባለ ስሙን በስሙ መዘገብነው።
ደግሞ አንዲት፣ ከሰሊጥ ያነሰች፣ ነጭ፣ ዓይን ያልተፈጠረላት፤
በላቲን የለች፣ ባማርኛ የለች፤ ቦንቱም በናቷ ቋንቋ አጣችላት።

ከወንፊቱ አፍ ደርሳ፣ ለመውደቅ አንድ እርምጃ ሲቀራት፣
እልም አለ መብራት።

ሰፈሩ መብራት ኃይልን ረገመ፤
ቦንቱ ግን ስልኳን አላበራችም፣ ትንፋሿ እንኳን ቆመ።
በጨለማው ውስጥ፣ ያቺ ትንሽ፣
ሽቅብ ስትመለስ የሰማሁ መሰለኝ፣ ሽሽ… ሽሽ…

ሲነጋ ኮዬ ተቆፍራለች።
በመስኮታችን ደፍ ላይ ግን አንድ ጣሳ ኮዬ አለች፤
መዝገቡ ላይ፣ ከ"ስም" ፊት፣ እስካሁን ባዶ ነው መስመሩ፤
ቦንቱ ውሃ ጠብ ታደርጋለች፣ እንዳይደርቅባት አፈሩ።