የግራ ክንፍ

ጉም ነው ያወረደው፣ ጓሳው አፋፍ ላይ፣
ከመሐል ሜዳ ማዶ፣ መንገድ ከማይታይ።
አንበጣ ሊያጠፋ መድኃኒት ተሸክሞ፣
ገብሱን ሊያድን መጥቶ፣ ከገብሱ ቀድሞ
በሆዱ ተኛ።

አብራሪው ደኅና ወጣ፣ ባንድ እግሩ ጫማ፣
«ሰው ይላካል» ብሎ ወረደ ከተማ።
የተላከው ልጅ ነው፤ አጥናፍሰገድ ይሉታል፤
የመፍቻውን ሣጥን በበቅሎ አስጭኖ፣
ባና ተከናንቦ፣ ጣቱ በድን ሆኖ
አሥር ቀን ታገለው።
ሞተሩ አንዴ ሳለ። ሁለተኛ አልሳለም።
ደብተሩን አወጣ፤ ጻፈበት፦ «አይነሣም»።
ፈረመና ሄደ።

ከዚያማ ማን ያየዋል? ባለቤት የሌለው
ቆርቆሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ ሁሉ የሚመኘው።
ጅራቱ ቤተልሔሙን ከፍሳሽ ከለለ፣
ጎማው በገበያ ቀን ከጋሪ ሥር ዋለ፣
መቀመጫው ጸጉር አስተካካዩ ምንዳዬ ዘንድ ገባ፣
(ስንቱ ሙሽራ እዚያ ላይ ተላጭቶ አገባ!)
ሽክርክሪቱን ትምህርት ቤቱ ጽድ ላይ ሰቅሎት፣
በጠዋት በጠዋት በድንጋይ ደብድቦት
ልጅ ይሰበስባል።
የግራ ክንፉን ግን ትርንጎ ወሰደች፣
ባሏን አስቆርጣ የቤቷ በር አረገች።

አርባ ዓመት አለፈ።
አጥናፍሰገድ መጣ፣ ጡረታው ወጥቶለት፣
ያንኑ ደብተር ይዞ፣ መነጽሩን በክር አስሮት።
እኔ የብረታ ብረት መምህር፣ ረዳቱ ሆኜ
ቤት ለቤት ዞርኩለት፣ መሰላሉን ጭኜ።
ደብተሩ ላይ አለ፣ ያኔ የቆጠረው፣
«የግራ ክንፍ ብሎን፣ መቶ ስድሳ አምስት ነው።»
«ስንቱ ቀርቶ ይሆን?» ይለኛል ሲመሽ።

ምንዳዬ ወንበሩን ቅር እያለው ሰጠ፣
ባለጋሪው ጎማ ስንለው ዋጋ አስበለጠ፣
መሪጌታ ጅራቱን «ክረምት ይለፍ» አሉ፤
እውነት አላቸው፤ ሐምሌ ነው፣ ደመናው በሙሉ
ከጣርማ በር ወዲህ ነው።

ትርንጎ ግን ጠየቀች፣ በሯን ተደግፋ፦
«ልትበሩበት ነው?»
«አይ። አይበርም።»
«ታዲያ?»
«ይቆማል።»
«ለመቆሙማ እኔም ጋ ቆሟል።»

ዝም አልን።
ሽማግሌው መነጽሩን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ።
«‹ምን ነበር?› የሚል ልጅ ነገ ቢመጣብን፣
አንዴ በር፣ አንዴ ወንበር እያሳየን
እንዴት ይገባዋል?»
መልስ አልሰጠችም። ከብቶቿን ልታስገባ ሄደች።

በማግሥቱ ነቅላ ሰጠችን።
የእንጨት በር ሠራሁላት፤ ትንሽ ያጋድላል።

ክንፉን ስንገለብጠው፣ በከሰል፣ ጭረት በጭረት ላይ፣
ለካስ የልጆቿ ቁመት ነው የሚታይ።
ይርጋ፣ እስከ ማጠፊያው።
ሽታዬ፣ ከይርጋ በላይ።
ጌጡ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ አንድ ጭረት ብቻ።
ከዚያ በላይ የለም።

የብርጭቆ ወረቀት በእጄ ነው፣ ውሃውም ቀርቧል።
«ክንፉ እንደ ፊቱ ይጥራ» ተባብለን ነበር፣
ብር መስሎ፣ ልክ እንደወረደባት ዕለት።
አጥናፍሰገድ አየው። ቆየ።
«ስንት ነው?» አለኝ። የጌጡን ነው የሚለኝ።
ለካሁ።
ደብተሩን አወጣ፤ ከብሎኑ ቁጥር ሥር፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፦ «ሰባ አራት ሴንቲ ሜትር።
አይነካም።»
ፈረመ።

አሁን ከወርክሾፑ ጀርባ ነው፣ ከዳስ ሥር።
ሙሉ አይደለም። ዘጠና ብሎን ጎድሎታል፣
ሽክርክሪቱን ትምህርት ቤቱ እምቢ ብሎ፣ ከጽድ የጠረብኩት
አፍንጫው ላይ አለ፤ ሲሞቅ ሙጫ ያለቅሳል።
ጠዋት ደወሉ ሲመታ፣
ከወዲያ ያለው ብረት ሲጮህ፣ ከወዲህ ያለው
ቆርቆሮ በቀስታ ይንጫጫል።

ትርንጎ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትመጣለች፣
ዙሪያውን አይታ፣ ምንም ሳትል ትወጣለች።
ብቻ ስትወጣ፣ ከልምድ፣
ክንፉን በመዳፏ ገፋ ታደርገዋለች፣
ብርድ እንዳይገባ።