በሁለት ሳጥን መሃል

ሌውዋርደን፣ ኅዳር ወር፣ ከቦዩ ዳር ቤት፣
ዝናብ እየዳሰሰው የመስኮቱን መስታወት፣
ሲትስከ ጥያቄ ትቀርጻለች፤
አንድ ቃል ትሰርዝና ያንኑ ትመልሳለች።
«ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዎታል?»
ወይስ «ሰምተው ያውቃሉ?» የትኛው ይሻላል?
ከሥሩ አምስት ሳጥን፣ በአንድ መስመር ሰፍሮ፣
እስከ «ሁልጊዜ» ድረስ፣ ከ«በፍጹም» ጀምሮ።

ሐሙስ ዕለት መጣ ሂልከ ቴርፕስትራ፣
አርባ ዓመት ድልድይ ሲያነሳ ሲያወርድ የሠራ።
ኮቱን ሳያወልቅ፣ እርሳሱን ተቀብሎ፣
«ጮክ ብለው ያስቡ» አለች። አሰበ ጮክ ብሎ፦

«ድምፅ? አዎ፣ የሚስቴ። ከሞተች ስድስት ዓመት።
ማለዳ ከወደ ኩሽና በስሜ ትጠራኛለች፤ አንዴ ብቻ ናት።
ልጄ ስትሰማ አለቀሰች። እኔን ምን ያስለቅሰኛል?
ያልተጠራሁ ቀን ነው ቀኑ የሚከብደኛል።

ሌላም አለ። አንድ ክረምት፣ በሌሊቱ ተራ፣
የድልድዩ ሬዲዮ፣ ስሜን ሳይጠራ፣ ስለኔ ሲያወራ፤
ሽቦውን በጥሼ፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ መብራት ስፈራ።
ያ አንድ ክረምት ነው፤ ይህ በየማለዳ፤
አንዱ ደስታዬ ነው፣ አንዱ ደግሞ ፍዳ።
ታዲያ ለሁለቱም አንድ ሳጥን ነው ያለው?
‹አልፎ አልፎ› የሚለው፣ የቱን ነው የሚለው?»

ዝም አለች። እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሄደ፣
ከሁለት ሳጥን መሃል፣ ባዶው ላይ ወረደ፤
ምልክት አኖረ፣ ደብዛዛ፣ እንደ ዝንብ እግር፣
ማሽን የማያነበው፣ ከቁጥር የማይቆጠር።

ይህን በአማርኛ ስጽፍ አንድ ቃል መጣብኝ፦
«ለየለት»። እንደ በር ጓ ብሎ ተዘጋብኝ።
የለየለት ወዲያ፣ ያልለየለት ወዲህ፤
አጥሩን ማን እንዳቆመው አይናገርም ይህ።
ደግሞ ከጀርባው፣ በለሆሳስ፣ ሌላ ቃል አለ፦
«ነካ ያረገዋል»፤
ስንዝር ነው፣ ጣት ነው፣ ከሰው ያልተነጠለ።
ሲትስከ የምትፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል፤
ቃሉን ባበድራት ግን፣ «ስንት ነጥብ?» ትለኛል።

ማታ ያችን ጥያቄ ሰንጥቃ ለሦስት፣
«ስንት ጊዜ?» አለች አንዱን፤ ሌላውን «ምን ያህል ጭንቀት?»
ሦስተኛው ከበዳት። «ምን ያህል ያምኑታል?»
ስታጠፋው ስትጽፈው አራት ሰዓት አልፏል።

ከዚያ፣ ለሙከራ፣ ራሷ መሙላት ጀመረች።
«ሰዎች በስውር ያሙኛል» የሚለው ላይ ስትደርስ፣
የአለቃዋ በር ትዝ አላት፣ ገርበብ ብሎ ሲመለስ፤
አራተኛው ሳጥን ላይ እርሳሷ ዘገየ፣
ወደ ሦስተኛው መጣ፣ መሃል ላይ ቆየ።

ላጲሱን አነሳች። አስቀመጠችው።
በጨለማው ማዶ፣ ድልድዩ ሲነሳ ሰማችው፤
ሰዓቱ አልፏል ለጀልባ፤ ተዘግቷል የቦዩ በር።
አጠገቧ ሰው ቢኖር፣ «ሰማህ?» ትለው ነበር።