ክርና ቅር

በነጻ ነው ያገኘሁት፣ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል፣
ከጆሮዬ ጀርባ እንደ ባቄላ ፍሬ ጉብ የሚል።
ሊድስ ከተማ፣ የሕዝብ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ሦስተኛው በር፣
ሞሪን ናት የገጠመችልኝ፣ «ውዴ» እያለች ስትናገር።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቱቦው ሲደርቅ ትቀይርልኛለች፣
ቡናማ ደብተሬን አይታ ባትሪ ትሰጠኛለች፣
በመብራት ወደ ውስጥ አጮልቃ «ሰም ሞልቶታል» ትላለች።
ኩኩን ነው፤ የጆሮን ኩክ በእነሱ ቋንቋ ሰም ነው የሚሉት።
በሆዴ ሳቅሁ፦ ሰሙ እኔ ዘንድ ከሆነ፣ ወርቁን የት አኖሩት?

አላማርርም። ብዙ ሰምቼበታለሁ፦
የአውቶቡሴን በር ትንፋሽ፣ የተሳፋሪ ሳል፣ የዝናብ ጠብታ፣
ሁሉንም በአንድ ላይ፣ ያለ አድልዎ፣ ያለ ይሉኝታ።
ሹካ ከሳህን ሲጋጭ ከሚስቴ ድምፅ እኩል ያገሣል፤
የመንግሥት ዕቃ አይደል? ለሁሉም እኩል ያካፍላል።

ብቻ ቀስ እያሉ ጠፉብኝ እነዚያ ጉሮሮ የሚሰብራቸው፣
ምላስ ከላንቃ ላይ ፈንቅሎ የሚጥላቸው።
ጠ ተ ሆነች። ቀም ከ።
«ወንድምህ መጣ» ሲሉኝ «ማንን መታ?» ብዬ፣
ሳቁ ካለቀ በኋላ እስቃለሁ፣ ዘግይቼ፣ ለብቻዬ።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ?
የእኔው ባዳ በራሴ ማዕድ ላይ ዋለ።

አንድ ማታ የትምወርቅ ሶፋው ጥግ ተቀምጣ፣
እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ መስኮቱን እያየች፣
«ምንዳዬ፣ ቅር አለኝ» አለች።
እኔ የሰማሁት፦ ክር አለኝ።
ተነሣሁ። ከመሳቢያው መርፌ አመጣሁላት፣
«የቱ ሸሚዝ ነው? ቁልፉ ነው የወለቀው?» አልኳት።
መርፌውን አየችው። እኔን አየችኝ።
የሳቀች መስሎኝ ነበር፤
አፏን እንጂ ድምፁን አልሰማሁትም ነበር።

በማግሥቱ ገበያው ፊት ለፊት፣ መስታወቱ ከሚያብረቀርቀው ሱቅ ገባሁ፤
ምንጣፉ ኮቴ ይውጣል፤ በለስላሳ ወንበር ተቀመጥሁ።
«ምን መስማት ይፈልጋሉ?» አለኝ ኪየራን፣ ጢሙ ገና ያልጠና።
ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።
(ሞሪንም ትጠይቀኝ ነበር፣ ጊዜ ቢኖራት፣
በር ላይ አሥራ አራት ሰው ባይጠብቃት።)
«ቀ» አልኩት። «ከ» አለ። «ቀ!» «ከ!»
ሁለታችንም ሳቅን፣ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ።
ዋጋውን ግን በአፉ አልነገረኝም፤ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ፓውንድ።
ወርቁ እዚህ ኖሯል ለካ!

ስወጣ በሆስፒታሉ በኩል ማለፍ አፍሬ፣
ያጎረሰኝን እጅ የነከስሁ መስሎኝ፣ በጓሮ መንገድ ዞሬ፣
ኮቴ ሰማሁ ከኋላዬ። ዘወር ስል ሰው የለም።
የራሴ ነበር።
ስንት ዓመት ሆነው፣ ሳንገናኝ ስንሄድ?

አሮጌዎቹን ጠርጌ መሳቢያው ውስጥ ከመርፌው ጎን አኖርኳቸው፤
ሐሙስ ለሞሪን እመልሳለሁ፤ ምን ብዬ እንደምሰጣት አላውቅም።

ማታ ለየትምወርቅ ዋጋውን ነገርኳት። ዝም አለች።
ዝምታዋም ድምፅ ነበረው፦ ምራቋን ዋጠች፣
በጣቷ የቀሚሷን ጠርዝ ፈተለች፣
ከዚያ ከጉሮሮዋ ሥር፣ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቋ ብሎ፣
«ቅር አለኝ» አለች።

ቅ ናት! ራሷ ናት! ልስቅ ነበር፤ ተውኩት።
መርፌም አላመጣሁ። ወንበር ሳብሁ፣ አጠገቧ።
«የዛሬው ነው» አልኳት፣ «ወይስ የዚያን ማታው?
ንገሪኝ፣ ከመጀመሪያው።»