ሃያኛው ካሬ

ዝናቡ ከጀመረ ዘጠኝ ቀን ሞላው፤
አተር የምዘራበትን መደብ እንደ ሊጥ አቦካው።
ምድር ቤት ፓምፑ ያጉረመርማል፣
ዊንደል መሰላል ላይ ከአሸንዳው ጋር ይሟገታል።
"መዶሻ!" ይለኛል፤ በመስኮት አቀብለዋለሁ።
"እሱን አይደለም" ይላል፤ ተቀብዬ ያንኑ እመልስለታለሁ።
"አዎ፣ ይኸው!" ይላል።

የኦሃዮ ፀደይ ይህ ነው፤ ወንበሩ ሁሉ እርጥብ ካልሲ ለብሷል፣
ውሻው በጭቃ እግሩ ምንጣፉ ላይ ማኅተም መትቷል።
እኔም ፀሐይን ተስፋ ቆርጬ የምሳውን ጠረጴዛ ወረርኩ፣
ጨውና ቁንዶ በርበሬውን ወደ ጥግ ገፋሁ፣
የጫማ ካርቶኑን ከፈትኩ።

ያለፈው ቅዳሜ፣ የሟች ዕቃ ሲሸጥ፣
ከጎደሎ ሹካና ከማሰሮ ክዳን ሥር ያገኘሁት ነው፣ ሳገላብጥ።
አራት ዶላር አለ የሟች የልጅ ልጅ፤ በሦስት ተስማማን።
"ማን ሰፋችው?" ስለው፣
"እኔ እንጃ፣ ጣሪያ ሥር ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ።

ዐሥራ ዘጠኝ ካሬ። ዐሥራ ዘጠኝ ኮከብ።
ገሚሱ የዱቄት ጆንያ፣ ገሚሱ የልጅ ቀሚስ ዘርፍ፤
ሰማያዊው ታጥቦ ታጥቦ አጓት መስሏል፣
ቀዩ ግን ዛሬም ነገር ይፈልጋል።
ከጀርባቸው፣ ለቅርጽ መያዣ የተቆረጠው ጋዜጣ አልተነቀለም፤
የአሳማ ዋጋ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ፣ የሰርግ ዜና፣ እሱም አላለቀም፤
"ሙሽሪት ነጭ ሐር ለብሳ፣ ሙሽራው ግን..."
እዚያ ላይ መቀሷ ዞረ።
ግን ምን? ሰማንያ ዓመት አልፎ ዛሬም አጓጓኝ ነገሩ፤
ዘገየ? ታመመ? ወይስ ጠፋው በሩ?

እስከ ዐሥራ አራተኛው ድረስ ስፌቷ ጤፍ ነው፤
ከዚያ ወዲህ ይረዝማል፣ ይንሸዋረራል፣ ይወድቃል ይነሳል እንደ ሰከረ ሰው።
አንዱማ ኮከብ ጭራሽ ጫፉ ዞሮበት ወደ ውስጥ ያያል።
ዓይኗ ደከመ? ኩራዙ ጋዝ ጨረሰ?
ወይስ እሷም ቤት እንዲህ ያለ ዝናብ፣
መሰላል ላይ ሆኖ መዶሻ አምጪ የሚል ሰው ነበረ?
መተርተሪያዬን አንስቼ ነበር፣ ላቃናላት፤
ስልክ ጠራ። ሎረል ናት።
"እማዬ፣ ብርድ ልብስ እንደሆነ ሱቁን ሞልቶታል" አለችኝ፣
ስለ ጉንፋኗ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ መኪናዋ ጎማ ነገረችኝ፤
ስንጨርስ መተርተሪያው የት እንደገባ ጠፋኝ።
አልፈለግሁትም።

አልጋው አራት በአምስት ነው የሚፈልገው፤
ሃያኛውን ከየት ላምጣው?
የእኔ እራፊ ሁሉ አዲስ ነው፣ ይጮኻል፣
ከእነዚያ መሀል ቢገባ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ዘፋኝ ይሆናል።
ይህን ስል ዊንደል ገባ፣ ውሃ እያንጠባጠበ፣
ሸሚዙን አውልቆ ምድጃው አጠገብ ሰቀለና ሄዶ ተጋደመ።
ያ ሸሚዝ! ሃያ ሦስት ዓመት የታጠበ፣
ቡናማው ከሰማያዊው ጋር ተቻችሎ ያረጀ።
እኔ ሸሚዙን አየሁት። ውሻው እኔን አየኝ።
"ከሱሪ ሥር የሚውል ጨርቅ፣ ማን ያየዋል?" አልኩት።
ዝም አለ። መቀሱን አነሳሁ።

የዕለቱን ጋዜጣ ለቅርጹ ቆረጥኩ፤
"የወንዙ ከፍታ ነገ ማለዳ..." ከሚለው ደረስኩ፣
መቀሴ እዚያ ዞረ።
እኩለ ሌሊት ላይ ሃያኛው ተሰፋ።
አንድ ጫፉ ወደ ውስጥ ያያል።
አስቤበት አይደለም።

ጠዋት ዊንደል መስታወት ፊት ይታገላል፤
ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ይከታል፣ ጎንበስ ሲል ይወጣል፣
ይከታል፣ ይወጣል።
"ይህ ነገር አጥሯል" አለኝ።
ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ ዐሥረኛው ቀን፣ ዶፉ እንዳለ ነው።
"ዝናቡ ነው" አልኩት።