ቅጹ ያልጠየቀው

ሌስተር ሆስፒታል ውስጥ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ሽማግሌው ጆሺ፣ ልቡ የከዳበት፣
በቃሬዛ መጣ፤ ነርስ ግሌኒስ ፈጥና
ሸሚዙን ቀደደች፤ ደቂቃ ውድ ነውና።
በትከሻው ዞራ ደረቱ ላይ ያለች
አንዲት ቀጭን ፈትል፣ እሷንም ቆረጠች፤
ከደም ጥጡ ጋራ ቅርጫት ገባች፣ በቃ።

ልቡ መታ፣ ዳነ።

ማለዳ ኮኪላ ቅርጫቱ ሥር ወድቃ
ጥጡን ስትበትን ግሌኒስ አየቻት።
«ባሌ ተርፏል» አለች፤ «ማተቡ ግን የት ናት?»

ቅጹስ «ሂንዱ» ይላል፤ ሳጥኑ ተሞልቷል፤
ስለ ፈትሏ ግና ዝም ብሎ ያልፋል።

ከዚያች ሌሊት ወዲህ የምትጽፈው አላት
መስመር በሌለበት፣ ቅጹ ባጠረበት፦
«ከመቀሴ በፊት፣ የማልነካው ምንድን ነው?»

መላሽ የሌለ እንደሁ፣ ክሩን ገለል አርጋ
ሸሚዙን ትቀድዳለች።