በሞቴ፣ ዴይራ ላይ

ሌሊት ነው የገባሁ። የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት
እርጥብ ጨርቅ እንደነካ ካውያ ፊቴን ሲለበልበኝ ሙቀት፣
«የሞተሩ ነው» አልኩ፣ እርምጃ ጨመርኩኝ፤
ሞተሩ ኋላ ቀረ፣ ሙቀቱ ተከተለኝ።
ለካ አየሩ ነው።
ደሴ በዚህ ሰዓት፣ ጦሳ ጉሙን ደርቦ፣
ሰው ተኝቷል ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ።

ፓስፖርት ተመልካቹ፣ ነጭ ለባሽ ወጣት፣
«ጣትሽን» አለኝ መሰለኝ፤ ዘረጋሁለት ጣት።
ማሽኗ ግን እንቢ አለች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣
አሥራ ስድስት ዓመት መቀስ የበላው ጣቴ
ለካስ አሻራ የለው።
ሰልፉ ከኋላዬ ሲያጉረመርም እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፈገግታ መሰል ነገር ከፊቱ አመለጠ፣
«አብሽሪ» አለኝ።

አብሽሪ!
ከብት ለሞተበት፣ ፈተና ለወደቀ፣ ለታመመ ጎረቤት
የምንላት ቃል ናት፣ ሐኪም እስኪመጣ የምንሰጣት መድኃኒት፤
እኔ በብድር ትኬት፣ በሁለት ባዶ ሻንጣ ስመጣ
ማን ነው እሷን ያለ ቪዛ ቀድሞኝ ያመጣ?
ወይስ ከዚህ ሄዳ ነው እኛ ዘንድ የከረመች?
እንጃ። ማሽኗም በአራተኛው ጣቴን ተቀበለች።

ሲነጋ ዴይራ።
ጋሪ ገፊው ይጮኻል፣ ጋሪው ላይ ሰው የሚያክል ጥቅል፣
ዓሣና ሽቶ፣ ናፍጣና እርድ አንድ ላይ ይሸታል፣
አምስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ጆሮዬን ይጎትታል።
ዜብራው ጋ ብደርስ መኪናው ሁሉ ቆመልኝ፤
ለእኔ? ብዬ ዞር አልኩ፤ ሌላ ሰው የለም፤ አፈርኩኝ፤
እያንዳንዱን ሹፌር እጅ እየነሣሁ ተሻገርኩኝ።
አሰገደች፣ ለአሥራ ዘጠነኛ ጊዜ የመጣችው፣ በክርኗ ጎሰመችኝ፦
«አትገረሚ! የተገረመ ሰው ዋጋ ይጨመርበታል» አለችኝ።

ስለዚህ ሳልገረም አየሁ፦
በአንድ ድርሃም ጀልባ፣ መሪውን በእግሩ የያዘ አሻጋሪ፣
ከላዩ የሚንጫጫ ነጭ ወፍ፣ እንደ ደላላ ተከራካሪ፤
ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሩዙን በጣቱ የጠቀለለ ሠራተኛ፣
ስልኩን ከሣህኑ ጎን ያቆመ፣ እንደ ማዕድ ጓደኛ፤
ጉርሻውን ወደ ስልኩ ሲያስጠጋ
ስልኩ ውስጥ ያለች ሕፃን አፏን ስትከፍት፣
ሩዙ መስታወቱን ነክቶ ሲመለስ
እሱ ራሱ ሲበላላት።
ይቺን ግን፣ አሰገደች ትሙት፣ ተገርሜአለሁ፤
ዋጋው ይጨመርብኝ።

መጋረጃ ሻጩ ሻጂ ይባላል፣ የኬረላ ሰው፤
«ነይ እህቴ! ኦርጋንዛ፣ ቬልቬት፣ ሁሉም አዲስ ነው!»
በአማርኛ ነው ይህን ያለው።
እኔ ሰባት ስል ሜትሩን፣ እሱ አሥራ አንድ ሲል፣
ካልኩሌተሯ ስትመላለስ እንደ ሽማግሌ በመካከል፣
በመጨረሻ እጁን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣
አንገቱን ትከሻው ላይ ደግፎ፣
«ዘጠኝ። በሞቴ።»

ደነገጥኩ።
እኛ ለእንግዳ፣ ለመጨረሻዋ ጉርሻ ነው የምንላት፤
ይህ ሰው ለሁለት ድርሃም ሞቱን እንደ ሳንቲም ቆጠራት?
«ማን አስተማረህ?» አልኩት።
«ደንበኞች። ሁሉም ይሉኛል፣ እኔም እላለሁ፤
ጥሩ ቃል ናት፣ ዋጋ ትጨርሳለች፤ ትርጉሟን ግን ማንን እጠይቃለሁ?»

ነገርኩት።
ካልኩሌተሯን በጀርባዋ አስተኛት።
ጣሪያ ጣሪያውን አየ። አሥራ ሁለት ዓመት፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ፣
ሲያሰላው መሰለኝ።
«እናቴ አትስማ» አለ ቀስ ብሎ።
ቆየና፦ «ስምንት ከግማሽ።»
ያለ በሞቴ።

ገዛሁ። መቶ ሃያ ሜትር፣ ወይን ጠጅ።
አሰገደች መንገዱን ሁሉ አኮረፈች፦
«ምን አስቀባጠረሽ? ነገ ለእኔ ምን ብሎ ሊቀንስልኝ!»

ማታ ከሆቴሉ መስኮት የማዶውን ሕንፃ ብቆጥር
ፎቁ ሁሉ መስታወት፤ መጋረጃ የሚባል የለበት፣ አንድ ሜትር።
ልጄ ደወለች፦ «እማ፣ ምን አየሽ?»
«መስኮት» አልኳት።
«ታዲያ እዚያው አትሸጪም?» ብላ ሳቀች።
እኔ አልሳቅኩም፤ ስፋቱን በልቤ ለካሁት፤
መብራት ከማጥፋቴ በፊት የሆቴሉን መጋረጃ ጫፍ ገልብጬ አየሁት።
ስፌቱ አንድ መስመር ነው።
ስምንት ከግማሽ አያወጣም።