የመጀመሪያው ጆሮ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ እዘጋለሁ በሩን፤
ትርንጎ አትሰማም የሰዓት ነገሩን።
ጠረጴዛዋ ላይ አሥራ ስድስት ጆሮ፣
ከጥፍሬ የሚያንስ፣ በስታኞ ታስሮ።
ሐሳቧ ይኼ ነው፦ ደመናው ከሩቁ
ሲከብድ ተሰምቶ፣ ታንኳዎች እንዲያውቁ።

የተላከው ሞገድ ደመና ነክቶ ሲመለስ
የሚተርፈው ሹክሹክታ ነው፣ ከትንኝ ክንፍ የሚያንስ፤
እሱም እኩል አይደርስ።
ከጣና በኩል ያለው ጆሮ ቀድሞ ይሰማዋል፤
ከበሩ በኩል ያለው ለቅጽበት ይዘገያል።
የእሷ ሥራ ታዲያ፣ በዚያች ትንሽ ቺፕ ላይ፣
ቀድሞ የሰማውን «ቆይ» ማለት ነው፤ «ቆይ፣
ያልሰማው ይድረስህ።»
እኩል ሲናገሩ ሹክሹክታው ይደመራል፤
ጫጫታው ግን የየራሱ ነው፤ እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

ያንን መዘግየት በቋንቋቸው «ፌዝ» ይሉታል።
እኔም መብራት የሄደ ማታ፣ ሻማ ይዤ፣
«አሥራ ስድስት ፌዘኛ ሰብስበሽ ነው እንዴ
የዝናብን እውነት የምትጠይቂው?» ብላት
ሳቅ ገደላት።

ሰባተኛው ብቻ እምቢ አለ።
ማንም ሳያናግረው ይጮኻል።
«ማጉያ ደርቢለት፣ ከኋላ ይጣራል»
አላት መምህር ሙጬ።
እሷ ዝም። ስታኞዋን አቀለጠች። ኋላ፣ እሱ ሲወጣ፣
ለኔ አወራችልኝ የይርዳውን ጣጣ።

ይርዳው አጎቷ ነው፣ የሽምብጥ ቀዛፊ፤
ከዘጌ ሲመለስ ነፋስ መጣ፣ ገልባጭ፣ ገራፊ።
ከዳር የነበረ አንድ ሰው ጩኸት ሰማ፤
ፍርሃቱን ጨምሮ ይዞ ገባ ከተማ።
ዓሣ ተራ ሲደርስ «ሁለት ሰው» ተባለ፤
ባጃጁ ሲያደርሰው አምስት ሰው አከለ፤
ከመንደር ሲገባ ድንኳን ተተከለ።
እናቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታነባ ሰነበተች።
በሦስተኛው ቀን ይርዳው፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ፣
ደንገል የቧጠጠው እግሩን እየጎተተ፣
ከገዛ ድንኳኑ ደጅ ቆሞ
«ማን ሞቶ ነው?» አለ።

«የፊተኛው ጆሮ ከራሱ ከጮኸ፣
ከኋላ የቆመው ሁሉ የሚያጎላው
ያንኑ ጩኸት ነው» አለችኝ።
ነቀለችው ሰባተኛውን።
አዲስ ትራንዚስተር፣ ቀዝቃዛ፣ ብዙ የማይለፈልፍ፣
ትንፋሿን ይዛ አስቀመጠች።
ስክሪኑ ላይ ያለው ሣር የመሰለ መስመር
ዝቅ አለ። ዝቅ አለ።
ከደቅ በኩል አንዲት ጉብታ ቀረች።
ዝናብ ትሁን፣ የይብራ መንጋ ትሁን፣ አልነገረችኝም፤
እኔም አልጠየቅኳትም።

ቆልፌ ወጣሁ። ከግቢው በር ዘበኛው
«ሰማህ? ሐይቁ ላይ ዛሬ…» ብሎ ሲጀምር
«ቆይ» አልኩት።
ነፋሱ ከዘንባባው ሲወርድ ቆሜ ሰማሁ።